የቲማቲሙ ሥር ውሃ እያለው ቅጠሉ ለምን አፉን ይዘጋል? (ቆቦ፣ የፈረቃ ቦይ)

ጎሊና ዳር፦

እንደምን ሰነበታችሁ። ነገሩ ቆቦ ሜዳ ላይ በጉድጓድ ውሃ የሚለማ ቲማቲም ነው። ውሃው ስለማይበቃ ቦዮቹ በፈረቃ ይጠጣሉ፤ በአንዱ ዙር 1ኛው፣ 3ኛውና 5ኛው፣ በሚቀጥለው ዙር 2ኛው፣ 4ኛውና 6ኛው። ስለዚህ እያንዳንዱ ተክል ሁልጊዜ አንድ ጎኑ እርጥብ፣ ሌላ ጎኑ ደረቅ ነው።

ግራ የሚያጋባው ይሄ ነው፦ ቅጠሉ አልጠወለገም። ጠዋትም ማታም ቀጥ ብሎ ይታያል። ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ በእጅ ጀርባ ሲነካ ግን፣ ሁሉም ቦይ ከሚጠጣው የጎረቤት ማሳ ቅጠል ይልቅ ይሞቃል። አዲስ የሚወጣው ቅጠልም አነስ ይላል። ቅጠሉ ውሃ ካልጎደለበት፣ ታች ድርቀት እንዳለ ማን ነገረው?

ከማሳው ግርጌ ውሃ በሚያቁርበት በኩል ደግሞ ቅጠሎቹ ወደ ታች ታጥፈዋል። ሲዳሰሱ ግን ወጠር ያሉ ናቸው፤ የጠወለገ ቅጠል ልስላሴ የላቸውም። «ጠምቶት ነው» ተብሎ ውሃ ይጨመርበታል፤ ይብስበታል።

አንድ ቅጠል ሲቀደድ ሌሎቹ ያውቃሉ የሚባለውስ እውነት ነው ወይስ የቪዲዮ ማሳመሪያ? የምታውቁ ዘርዘር አድርጉልኝ። «ሆርሞን ነው» ብላችሁ ብቻ እንዳታልፉ።

ሥርና ግንድ፦

አብሽር፣ ማሳው አልታመመም። የምታየው የተክሉን ቁጠባ ነው።

የመጀመሪያውን ጥያቄህን ቃል በቃል የጠየቀ ሙከራ አለ፤ በ1990 እ.ኤ.አ. ነው የታተመው። የፖም ችግኝ ሥር ለሁለት ተከፍሎ በሁለት ዕቃ ተተከለ። ከዚያ አንደኛው ዕቃ ውሃ ተከለከለ። እርጥቡ ወገን ለተክሉ የሚበቃ ውሃ ይስባል፣ ቅጠሉም አልጠወለገም፤ ዕድገቱ ግን ቀነሰ። ቀጥሎ የደረቀውን ሥር ቆርጠው ጣሉት። ነገሩ የውሃ እጥረት ቢሆን ኖሮ ሥር መቁረጥ ማባስ ነበረበት። ቅጠሉ ግን መልሶ ማደግ ጀመረ። ደረቁ ሥር «ቆጥብ» የሚል ነገር ወደ ላይ ይልክ ነበር፤ ላኪው ሲቆረጥ መልዕክቱም ቆመ።

ከመልዕክተኞቹ ዋናው አብሲሲክ አሲድ የተባለ የተክል ሆርሞን ነው። በዛይለም፣ ማለትም ውሃ ከሥር ወደ ቅጠል በሚወጣበት ቱቦ፣ ከውሃው ጋር ይሄዳል። ቅጠሉ ጀርባ ላይ ያሉት ስቶማታዎች እያንዳንዳቸው በሁለት ባቄላ መሰል ህዋሳት የተከበቡ ቀዳዳዎች ናቸው። ህዋሳቱ ውሃ ሲሞሉ ተለጥጠው ይጎብጣሉ፣ ቀዳዳውም ይከፈታል። አብሲሲክ አሲዱ እነዚህ ህዋሳት ውስጥ ካለ ተቀባይ ጋር ሲያያዝ፣ ተቀባዩ ፍሬን ሆኖ የቆመውን ፕሮቲን ይይዘዋል። ፍሬኑ ሲለቅ የክሎራይድና የማሌት መውጫ በር ይከፈታል፤ ፖታሲየም ይከተላል፤ ጨው የወጣበትን ህዋስ ውሃም ይለቀዋል። ህዋሱ ይሟሽሻል፣ ቀዳዳው ይዘጋል። ይህ ሁሉ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። የነካኸው ሙቀትም ከዚህ ነው፤ ቅጠልን የሚያቀዘቅዘው የሚተነው ውሃ ነው፣ አፉ ሲዘጋ ፀሐዩን ብቻ ይቀበላል።

አንድ ብዙ ሰው የማያነሳው ነገር ልጨምር። አፈሩ መድረቅ ሲጀምር በዛይለም የሚወጣው ውሃ ራሱ አሲድነቱ ይቀንሳል። አሲድነቱ ሲቀንስ የቅጠሉ ሌሎች ህዋሳት አብሲሲክ አሲዱን መንገድ ላይ መምጠጥ ያቅታቸዋል፤ ስለዚህ መጠኑ ሳይጨምር እንኳ ወደ ስቶማታው የሚደርሰው ይበዛል።

ፈረቃው ላይ ደግሞ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀን ቆጥሮ መቀያየር ነው። አሸዋማ አፈር በጥቂት ቀን ይደርቃል፣ ከባዱ ሳምንትም ያልፈዋል። በደረቁ ቦይ በኩል ከግንዱ 15 ሴ.ሜ. ራቅ ብለህ 20 ሴ.ሜ. ቆፍርና አፈሩን ጨብጥ። ተያይዞ ጣት ሲነካው የሚፈርስ ከሆነ ቀይር። ጨብጠኸው ጭራሽ ካልተያያዘ ዘግይተሃል። ምክንያቱን ልብ በል፦ መልዕክቱ የሚጓዘው በውሃ ነው። ፈጽሞ የደረቀ ሥር ውሃ ስለማይስብ የሠራው አብሲሲክ አሲድ እዚያው ታስሮ ይቀራል። ቅጠሉ የሚሰማው የእርጥቡን ወገን ብቻ ይሆንና አፉን ከፍቶ ውሃህን ያባክናል። ማለትም በጣም ማድረቅ መልዕክቱን አያጠነክረውም፤ ያጠፋዋል።

ችግኙ ከተዛወረ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ሳይሞላው ፈረቃ አትጀምር። አበባና ፍሬ በሚይዝበት ጊዜም ሁሉንም ቦይ አጠጣ። አለበለዚያ የፍሬው ታች እንደ ሳንቲም ክብ ሆኖ ይጠቁራል። ካልሲየም የሚሄደው ከሚተነው ውሃ ጋር ስለሆነና ፍሬ ብዙም ስለማያተን፣ ውሃው ሲዋዥቅ መጀመሪያ የሚጎድልበት እሱ ነው። ያንን ጥቁረት ሻጋታ ነው ብሎ መድኃኒት መርጨት ገንዘብ ማፍሰስ ነው።

ዋልካ፦

የሥርና ግንድ መልስ ጥሩ ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ግን ላርም። «አብሲሲክ አሲዱ ከሥር መጣ» የሚለው ታሪክ ለረጅም ጊዜ በመጻሕፍት የቆየ ቢሆንም ሙሉ አይደለም። በቲማቲም ላይ የተደረጉ የክተባ፣ ማለትም የአንዱን ግንድ በሌላው ሥር ላይ የማጣበቅ፣ ሙከራዎች አሉ፤ አብሲሲክ አሲድ መሥራት በማይችል ዝርያ ሥር ላይ ጤነኛ ግንድ ተከተበ። አፈሩ ሲደርቅ ቅጠሉ እንደ ወትሮው ስቶማታውን ዘጋ። ሥሩ ሊልክ የማይችለውን ነገር ቅጠሉ ራሱ ሠራው ማለት ነው።

ታዲያ ቅጠሉን «ሥራው» ብሎ ያዘዘው ማን ነው? ቢያንስ ሁለት ነገር ይታወቃል። አንደኛው የውሃው ግፊት ነው። ዛይለም ከሥር እስከ ቅጠል ያልተቋረጠ የውሃ ክር ስለሆነ፣ ታች ያለው አፈር ውሃ አልለቅም ሲል ክሩ ይወጠራል፤ ውጥረቱም ከየትኛውም ሆርሞን ቀድሞ ላይ ይደርሳል። ሁለተኛው በ2018 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ አራቢዶፕሲስ በምትባል የላቦራቶሪ ተክል የተገኘው ሲኤልኢ25 ነው። 12 አሚኖ አሲድ ብቻ ያለው አጭር ፔፕታይድ፣ ማለትም ትንሽ የፕሮቲን ቁራጭ፣ ነው፤ ሥሩ ድርቀት ሲሰማው ይሠራዋል፣ በቱቦው ወጥቶ ቅጠል ላይ ካለ ተቀባይ ጋር ይያያዛል፣ ቅጠሉም አብሲሲክ አሲዱን እዚያው ያመርታል። ፔፕታይዱ ደብዳቤው ነው፤ ሥራውን የሚሠራው ደብዳቤው የደረሰው ቅጠል ነው።

ለማሳህ ከዚህ የበለጠ የሚያሳስበው አፈሩ ነው። ጥቁር ዋልካ ከሆነ የፈረቃ ቦይ ስሙ ብቻ ይቀራል። ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ የለቀቅከው ውሃ በስንጥቁ ተሻግሮ «ደረቅ» ያልከውን ወገን ያረጥበዋል። ውሃ ከለቀቅህ ማግስት በደረቁ ቦይ ወለል ላይ 30 ሴ.ሜ. ቆፍር፤ እርጥብ ካገኘህ ፈረቃ እያደረግህ አይደለም፣ ሁሉንም በትንሽ በትንሹ እያጠጣህ ነው። ስንጥቅ ጥልቅ ከመሆኑ በፊት ከላይ ያለውን 5 ሴ.ሜ. ኮትኩቶ መዝጋት ይረዳል። ከዚያ ካለፈ ግን ሁሉንም ቦይ ቀጠን አድርጎ ማጠጣቱ ይሻላል።

ሀይቅ ማዶ፦

ስለ ግርጌው እኔ ልናገር፤ በዚህ ጉዳይ የሚጠፋ ማሳ ብዙ ነው።

ያ ቅጠል አልጠማውም። ኦክስጅን በውሃ ውስጥ ሲሰርግ በአየር ውስጥ ካለው ፍጥነቱ በ10,000 እጥፍ ያህል ይዘገያል። ውሃ የቆመበት አፈር ውስጥ ሥርና ተህዋስያን ያለውን ኦክስጅን ቶሎ ይጨርሱታል። በዚህ ጊዜ ሥሩ ኤሲሲ የሚባል ንጥረ ነገር ያከማቻል። ኤሲሲ የኤቲሊን ጋዝ ጥሬ ዕቃ ነው፤ ወደ ኤቲሊን ለመለወጥ ግን ኦክስጅን ይፈልጋል። ሥሩ ኦክስጅን ስለሌለው ይዞት ይቀራል፣ በዛይለም ወደ ላይ ይሄዳል። ቅጠሉ አየር ላይ ስለሆነ ኦክስጅን ሞልቶታል፤ ኤሲሲው እንደደረሰ ኤቲሊን ይሆናል። ኤቲሊኑ ቅጠሉን ከግንዱ በሚያያይዘው ዘንግ ላይኛ ጎን ያሉትን ህዋሳት ከታችኛው ይልቅ ያስረዝማቸዋል፤ ላዩ ሲረዝም ዘንጉ ወደ ታች ይታጠፋል። ችግሩ ከታች ሆኖ ምልክቱ ከላይ የሚታየው ለዚህ ነው። ቲማቲም ላይ በአንድ ቀን ውስጥ ሊታይ ይችላል።

ከጥም የምትለየው እንዲህ ነው። ቅጠሉን በሁለት ጣት ያዝ፤ የጠማው ይለሰልሳል፣ በውሃ የታፈነው ወጠር ይላል። በፕሮትራክተር በግንዱና በዘንጉ መካከል ከላይ በኩል ያለውን ማዕዘን ለካ፤ ጤነኛው ላይ ብዙውን ጊዜ ከ90 ዲግሪ ያንሳል፣ የታጠፈው ያልፋል። ከሁሉ ቀላሉ ግን ሌሊቱን መጠበቅ ነው። የጠማው ጠዋት ከ12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ቀና ብሎ ይገኛል። የታጠፈው ግን እንደታጠፈ ያድራል፤ መታጠፉ ዕድገት ነውና በአንድ ሌሊት አይቀለበስም። ቆየት ካለ ደግሞ ግንዱ ከአፈር በላይ ነጫጭ ጉጠት ያወጣል፣ እነሱ አየር ፍለጋ የሚወጡ አዲስ ሥሮች ናቸው።

መጠንቀቅ ያለብህ አንድ ነገር አለ፦ በውሃ የቆመ ተክል የእውነትም ሊጠወልግ ይችላል። ኦክስጅን ያጣ የሥር ህዋስ ውስጡ አሲድ ይሆናል፣ አሲዱም አኳፖሪን የሚባሉትን የውሃ በሮች ይዘጋል። ሥሩ ውሃ ውስጥ ቆሞ ውሃ መጠጣት ያቅተዋል። እንደዚያ ያለውን ማሳ ያየ ሰው ውሃ ቢጨምር አይፈረድበትም፤ ግን ገደለው።

መፍትሔው የቦዩን ጫፍ ቆርጦ ማስወጣት፣ ተክሉ የቆመበትን መደብ ከቦዩ ወለል ከ25 እስከ 30 ሴ.ሜ. ከፍ ማድረግ ነው። ውሃው እንደቆመ ዩሪያ አትበትን። ኦክስጅን በሌለበት አፈር ተህዋስያን ናይትሮጅኑን ወደ ጋዝ ለውጠው ወደ አየር ይለቁታል። ካጠነፈፈ በኋላ አፈሩ እጅ ላይ መጣበቅ ሲያቆም ስስ አድርገህ ኮትኩት፣ ከዚያ ማዳበሪያ አስብ።

ጃማና ወረ ኢሉ የዋልካ ስንዴ ላይም ጋዙ ያው ነው፣ ሥራው ግን ሌላ። በስንዴ ሥር ውስጥ ውሃ መውጫ አሳጥቶት የታመቀው ኤቲሊን አንዳንድ ህዋሳት እንዲሞቱ ያዛል፤ በሞቱት ቦታ የአየር ቱቦ ይፈጠራል። ሰፊ መደብ አውጥቶ ቦይ መክፈቱ ግን ከዚህ ሁሉ ይበልጣል።

ቅጠል ቆራጭ፦

ቪዲዮው እውነት ነው፤ ቀለሙ ብቻ ነው የተጨመረ። በ2018 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ዊስኮንሲን ላይ ካልሲየም ሲነካው የሚያበራ ፕሮቲን ያላት አራቢዶፕሲስ ተዘጋጀች። አባጨጓሬ አንዱን ቅጠል ሲበላ ብርሃኑ ከተበላው ቦታ ተነስቶ በቅጠሉ ቱቦዎች አለፈ፣ በአንድ ወይም በሁለት ደቂቃ ሌላ ቅጠል ደረሰ። ፍጥነቱ በሰከንድ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ እንደ ነርቭ አይደለም፣ ለተክል ግን ጥድፊያ ነው።

አነሳሱ እንዲህ ነው። ህዋስ ሲቀደድ ውስጡ ያለው ግሉታሜት ይፈስሳል። በቱቦዎቹ ዙሪያ ያሉ ህዋሳት ግሉታሜት ሲነካቸው የሚከፈት በር አላቸው፤ በሩ ሲከፈት ካልሲየም ይገባል፣ የህዋሱ የኤሌክትሪክ ሁኔታ ይለወጣል፣ ቀጣዩም እንዲሁ። የእነዚህ በሮች ሁለት ዘረመል የጠፋባቸው ተክሎች ላይ ሞገዱ ከተቆረጠው ቅጠል ብዙም አይወጣም።

ሞገዱ የደረሰበት ቅጠል ጃስሞኒክ አሲድ ያመርታል፣ እሱም የመከላከያውን ሥራ ያስጀምራል። ለዚህ ቲማቲም ራሱ ባለታሪክ ነው። በ1972 እ.ኤ.አ. ቲማቲምና ድንች ላይ አንድ ቅጠል በነፍሳት ሲጎዳ ያልተጎዱት ቅጠሎች የነፍሳትን የምግብ መፍጫ ኢንዛይም የሚያግድ ፕሮቲን እንደሚያከማቹ ታወቀ። በ1991 እ.ኤ.አ. ደግሞ ይህንን መከላከያ የሚቀሰቅሰው ሲስተሚን ከቲማቲም ቅጠል ተለየ፤ 18 አሚኖ አሲድ ያለው ፔፕታይድ ነው።

ሁሉም ቅጠል እኩል አይሰማም። መልዕክቱ የሚሄደው ቱቦ ባለበት ስለሆነ፣ ከተጎዳው ጋር ቀጥታ የቱቦ ግንኙነት ያለው ቅጠል ቶሎ ይሰማል፤ ከጎኑ የተጠጋው ላይሰማ ይችላል። «ህመም ይሰማዋል» የሚለውን ግን ተዉት። ነርቭ የለም፣ አንጎል የለም፤ ያለው በር፣ ጨውና ፔፕታይድ ነው፤ ያም በራሱ ይበቃል።

ለማሳ ያለው ጥቅም ትንሽ ነው፤ አላጋንንም። ቱታ አብሶሉታ የሚባለውን የቲማቲም ቅጠል ሰርሳሪ ተክሉ በዚህ ብቻ አያቆመውም፤ ትሉ ቅጠሉ ውስጥ ገብቶ ነው የሚበላው፣ ቁጥሩም በቶሎ ይበዛል። ቅጠል ላይ ነጭ ቦይ ስታይ ቆርጠህ ከማሳው አውጣና ቅበር። ጎን ቡቃያ ስትነቅል ጠዋት ጤዛው እንደደረቀ ይሁን፤ ያኔ ቁስሉ ሳይመሽ ይደርቃል።

ጎሊና ዳር፦

አላህ ይስጣችሁ፣ ገባኝ። ሁለት ነገር ቀረኝ። ያንን የፖም ሙከራ ያለ መሣሪያ እዚህ በቲማቲም ማሳየት ይቻላል? ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለገበሬዎች ቢታይ ከመቶ ቃል ይሻላል። ደግሞ ማሽላስ? ቆቦ ላይ ቲማቲም ሳይሆን ማሽላ ነው ራቱ።

ሥርና ግንድ፦

ይቻላል። ሁለት ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ውሰድ፣ አንገታቸውን ቆርጠህ ጣል፣ ታቻቸውን በሚስማር ብሳ፣ ጎን ለጎን በፕላስተር እሰራቸው። አንድ እጅ አሸዋ፣ አንድ እጅ አፈር፣ አንድ እጅ ብስባሽ ሙላ። ብዙ ሰው የሚያበላሸው ሥሩን መክፈሉ ላይ ነው፦ ችግኙ ሁለት እውነተኛ ቅጠል ሲያወጣ የዋናውን ሥር ጫፍ ቆርጠህ መልሰህ ትከል፣ ጎናጎን ሥር እንዲያበዛ። 5 ቅጠል ሲሆን አፈሩን በባልዲ ውሃ ውስጥ እጠበው፣ ሥሩን በእኩል ከፍለህ ግማሹን በአንዱ፣ ግማሹን በሌላው ዕቃ ትከል፤ ግንዱ በሁለቱ አፋፍ ላይ ይቀመጣል። ጥላ ሥር አቆየው፤ ሁለቱንም ዕቃ ለ10 ቀን አጠጣ። በዚህ ጊዜ የጠወለገውን አትጠቀምበት።

ቢያንስ 9 ተክል ያስፈልግሃል። ሦስቱ ሁለቱም ወገን ይጠጣሉ። ስድስቱ አንድ ወገን ብቻ። በየቀኑ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ገና የሚያድገውን ቅጠል ርዝመት በማስመሪያ ለካ፣ በሚሊ ሜትር ጻፍ። የስድስቱ ዕድገት ከሦስቱ ሲያንስ፣ ከስድስቱ የሦስቱን ደረቅ ሥር ከግንዱ አጠገብ ቆርጠህ መለካትህን ቀጥል። እርጥቡ ዕቃ ለተክሉ ካልበቃው ውጤቱ ይደባለቅብሃል፤ ስለዚህ እርጥቡን ጠዋትና ማታ አጠጣ።

ሙቀቱን ለመለካት በኮሮና ጊዜ ግንባር ላይ ይደገን የነበረውን ቴርሞሜትር ብትጠቀም «የሰው» በሚለው ሳይሆን «የዕቃ ገጽ» በሚለው ላይ አድርገው፤ አለዚያ ቁጥሩን ወደ ሰውነት ሙቀት ያስተካክልብሃል። ከቅጠሉ ቀረብ ብለህ፣ ከኋላው አፈር እንዳይታይ፣ ፀሐይ ያረፈበትን ቅጠል ብቻ ለካ። አንድ ቅጠል ምንም አይነግርህም፣ ከእያንዳንዱ ወገን 10 ውሰድ። ማይክሮስኮፕ ያለው ትምህርት ቤት ካገኘህ ደግሞ የቅጠሉን ጀርባ ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም ቀባው፣ ሲደርቅ በግልጽ ፕላስተር ገፍፈህ መስታወት ላይ ለጥፍ፤ የስቶማታው ቅርጽ ታትሞ ይታያል፣ የተከፈተና የተዘጋ ትቆጥራለህ።

ዋልካ፦

ማሽላን በአጭሩ። ቅጠሉን የሚጠቀልለው ላይኛው ገጽ ላይ ያሉ ትልልቅ ህዋሳት ውሃ ሲያጡ ነው፤ ስለዚህ ከስቶማታ መዘጋት ዘግይቶ የሚመጣ ምልክት ነው። በቀትር ተጠቅልሎ ማታ ከተፈታ አትሸበር፤ ጠዋት 1 ሰዓት ላይም ተጠቅልሎ ካገኘኸው ግን አፈሩ አልቋል።

በዓለም ላይ ድርቅ ሲመጣ ቅጠሉ አረንጓዴ ሆኖ ለሚቆይ ማሽላ ዋና መነሻ የሆነው ቢ35 የተባለው መስመር ከኢትዮጵያ ማሽላ የተገኘ ነው። ሚስጥሩ ብዙ ሰው እንደሚያስበው የተሻለ ጆሮ አይደለም። ቅርንጫፍ ይቀንሳል፣ ቅጠሉን አነስ ያደርጋል፣ ከማበቡ በፊት አፈር ውስጥ ውሃ ያስቀራል፤ ፍሬ ሲሞላ ያንን ይጠጣል።

የማሽላ መልዕክት ደግሞ ለጠላትም ይደርሳል። ፎስፈረስ ያነሰው ሥር ፈንገስ ረዳቶችን ለመጥራት ስትሪጎላክቶን የተባለ ንጥረ ነገር ወደ አፈሩ ይለቃል። ያንኑ ጥሪ ሥር ላይ ተጣብቆ የሚኖረው ጥገኛ አረም፣ የአቀንጭራ፣ ዘር ይሰማና ይበቅላል። ጎብዬና አብሽር የተባሉት ዝርያዎች አቀንጭራን የሚቋቋሙት የአቀንጭራን ዘር የሚቀሰቅሰውን ነገር አሳንሰው ስለሚለቁ ነው። ፎስፈረስ የራበው መሬት ላይ አቀንጭራ የሚበረታውም በከፊል ከዚሁ ነው፤ አቀንጭራውን ከማሳው ስትነቅል አበባው ዘር ሳይቋጥር ይሁን፣ አንዷ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ትበትናለችና።